ውበት ለማን ይሠራል? — ስለ ሁለት ማድ ቤቶች

አባቶቻችን ምግብ የሚበስልበትን ቤት «ማዕድ ቤት» ብለው ሰየሙት፤ እኛም በአፍ ልማድ ማድ ቤት እንለዋለን። ማዕድ ማለት ሰው ተሰብስቦ የሚቈርስበት ገበታ ነውና፣ ስሙ የወጣለት ከእሳቱና ከጢሱ ሳይሆን በመጨረሻ ከሚሰጠው ፍሬ ነው። ኋላ «ኵሽና» የሚለው ቃል ከጣሊያን አፍ መጥቶ ከማድ ቤት ጐን ቆመ። በዘመናችን ደግሞ ቤት እየሠሩ የሚሸጡ ሰዎች በማስታወቂያቸው ላይ ሁለት አዳዲስ ስሞች ጨምረውልናል፤ አንደኛው «ክሊን ኪችን»፣ ሁለተኛው «ደርቲ ኪችን» ይባላል። ወደ ቋንቋችን ሲመለስ ንጹሕ ማድ ቤትና ቆሻሻ ማድ ቤት ማለት ነው። ንጹሕ የተባለው ከሳሎኑ ጋር የተያያዘ፣ እንግዳ የሚያየው፣ ሻይና ቡና የሚቀርብበት ነው። ቆሻሻ የተባለው በጓሮ ሆኖ ሽንኩርት የሚቁላላበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በጠቅላላው ቤተ ሰቡ የሚበላው ሁሉ የሚሠራበት ነው።

እንግዲህ ከቆሻሻው ማድ ቤት የወጣ ወጥ በንጹሑ በኩል አልፎ ከገበታ ሲደርስ፣ በየት ስፍራ ላይ ጠራ? ወጡ ቆሻሻ ካልሆነ፣ ቆሻሻ የተባለው ምኑ ነው? ወይስ ማን ነው? ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው ጥያቄ ነው። ጥያቄውም የመጣብኝ ከመጽሐፍ ሳይሆን በአንድ ቤት ምረቃ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት መውጫ፣ ከእኔ ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት ብዙ ዘመን የሠራ ወዳጄ በፉሪ ያሠራውን ቤት እንድመርቅለት ጠራኝ። ፉሪ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ምዕራብ ጫፍ፣ በፉሪ ተራራ ግርጌ የተዘረጋ ሰፈር ነው። እርሻ የነበረው መሬት ዛሬ በብሎኬትና በአሸዋ ክምር፣ በባሕር ዛፍ መወጣጫና ግማሽ ድረስ በቆሙ ግድግዳዎች ተሞልቷል። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ለመንገደኞች የተሠራው ጣቢያ የቆመው በዚሁ በፉሪ ለቡ ስለ ሆነ፣ ከተማው ወደዚያ ወገን የሚገፋበት ምክንያት አንድ ተጨምሮለታል። ቀድሞ ሰው ለሽርሽር ይሄድበት የነበረ ቦታ አሁን ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ገንዘብ የሚያፈስበት ሆኗል።

የወዳጄ ባለቤት ከሁሉ አስቀድማ ያሳየችኝ ማድ ቤቱን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እንደዚያ ያለ ያማረ ክፍል ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። መደርደሪያዎቹና በሮቻቸው ከዋንዛ የተሠሩ ናቸው፤ ቀለም አልተቀቡም፣ በዘይት ብቻ ታሽተው የእንጨቱ መስመር እንደ ውኃ ሞገድ ሲተኛ ይታያል። መስኮቱ ወደ ተራራው የተከፈተ ስለ ሆነ የከሰዓት በኋላው ፀሐይ በእንጨቱ ላይ ሲያርፍ ክፍሉ በሙሉ የማር መልክ ይይዛል። ዕቃ የሚቀመጥበትና የሚከተፍበት ገበታ ግን ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ነው። ወዳጄ እጄን ይዞ በድንጋዩ ላይ አሳረፈኝና «እስኪ ዳብሰው፤ ድንጋይ ይመስላል?» አለኝ። በእርግጥም ልስላሴው የድንጋይ አልነበረም። የሳሙና ድንጋይ ይሉታል፤ ከባሕር ማዶ በመርከብ ያስመጣው ነው።

ስለዚህ ድንጋይ ጥቂት ልናገር፤ ለነገሩ ያስፈልጋልና። የሳሙና ድንጋይ አብዛኛው አካሉ ጣልክ የሚባለው ማዕድን ነው፤ ጣልክ ከማዕድናት ሁሉ ለስላሳው ሆኖ በጥፍር ይጫራል። የዚህ ማዕድን ዘር በአገራችንም በጉጂ ምድር፣ በአዶላ አካባቢ ይገኛል። ለስላሳ በመሆኑ ጥንት ጀምሮ ጠራቢዎች ወደውታል፤ የታላቋ ዚምባብዌ ታዋቂ ወፎች የተቀረጹት ከእርሱ ነው፣ በብራዚል በሪዮ ተራራ ላይ በ1931 እ.ኤ.አ. የቆመው ትልቁ የክርስቶስ ሐውልትም ልብሱ የዚሁ ድንጋይ ቍርጥራጭ ነው። ነገር ግን ከጌጡ ይልቅ የሚያስደንቀው ለሥራ መፈጠሩ ነው። ዘይት አይመጠውም። እምነ በረድ የኖራ ዘር በመሆኑ ሎሚ ሲነካው ይበላዋል፤ የሳሙና ድንጋይ ግን በሎሚም በኮምጣጤም አይደነግጥም። ከእሳት የወረደ ድስት ቢያስቀምጡበት አይሰነጠቅም፤ ሙቀቱን ተቀብሎ ቀስ እያለ ይለቀዋል እንጂ። ስለዚህ የፊንላንድ ሰዎች ምድጃ ይሠሩበታል፣ ብራዚሎች ከእርሱ ጠርበው ባወጡት ድስት ወጣቸውን ያበስላሉ። ቢላዋ ቢጭረው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው ዘይት ሲቀቡት ቍስሉ ይድናል። ባጭሩ ይህ ድንጋይ ቢደክም የማያማርር፣ ቢቈስል የሚሽር የሥራ ድንጋይ ነው።

የወዳጄ ድንጋይ ግን አንድም ጭረት አልነበረበትም። ቤቱ ከተገባበት ስድስት ወር አልፎ ነበር።

ጥቂት ቈይቼ እጄን ልታጠብ ብዬ በስተኋላ ባለው በር ወጣሁ። እዚያ ከአጥሩ ግንብ ጋር ተጠግቶ በቆርቆሮ የተከደነ ጠባብ ቤት አለ። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ምጣዱ በሦስት ብሎኬት ላይ መሬት ላይ ተቀምጧል። ወጣቷ ሠራተኛ በበርጩማ ላይ አጎንብሳ፣ ጣውላውን በጕልበቷ ላይ አድርጋ ሽንኩርት ትከትፋለች። የእንግዳ ቀን ነውና ሽንኩርቱ ጥቂት አልነበረም። ስታየኝ ብድግ አለችና እንዲህ አለች፦

«ይቅርታ ጋሼ፤ ጢሱ ዓይንዎን እንዳያቃጥልዎ፣ በዚያኛው በኩል ይለፉ።»

ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ በዚያ ጢስ ውስጥ የነበረችው እርሷ ናት፤ እኔ የቆምሁት ለአንድ ደቂቃ ነው፤ ይቅርታ የጠየቀችው ግን እርሷ ናት። ይህ ነገር እስከ ማታ ድረስ ከልቤ አልወጣም። ከዚያ ወዲያም ደጋግሜ አስቤበታለሁ።

ወዳጄን ገለል አድርጌ ያየሁትን ብነግረው ፊቱ ጠቈረ፤ በምረቃ ቀን እንዲህ ያለ ነገር መናገር ደግ አልነበረም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሆኖም የሰጠኝ መልስ ከንቱ አልነበረምና ልጻፈው። «የእኛ ምግብ እንደ ፈረንጅ ምግብ አይደለም» አለኝ። «ቍሌት ሰዓት ሙሉ ይቁላላል፤ በርበሬው ሲጨመር ጐረቤት ያስነጥሳል፤ የምጣዱ እንፋሎት እንጨቱን ያጣምመዋል። ይህን በሳሎን ውስጥ ላድርግ? ደግሞስ ማድ ቤትን ከዋናው ቤት የለየሁት እኔ ነኝን? አያቶቻችንም ለይተው ነበር።»

እውነት ነው፣ ለይተው ነበር። ጣራው ሣር በነበረበት ዘመን እሳትን ከመኝታ ማራቅ ጥበብ ነው። በቤተ መንግሥትም ወጥ ቤቱና እንጀራ ቤቱ ከአዳራሹ የተለዩ ነበሩ። እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያዘጋጁት ለቀናት የዘለቀ ግብር ሲታሰብ፣ ያን ሁሉ እንጀራና ወጥ ጠጅም ያቀረበ ሠራዊት ከአዳራሹ ጀርባ እንደ ነበረ መዘንጋት አይገባም። ነገር ግን የዚያ ሥራ አለቃ አዛዥ የሚል ማዕርግ የነበረው ሰው ነው፤ የሥራው ቦታም ቆሻሻ ቤት ተብሎ አልተጠራም። እርግጥ ዘመኑን ማሞካሸት አይገባም፤ ከአዛዡ በታች ስንት ስሙ ያልተጻፈ ጋጋሪና ፈጪ፣ ነጻነት የሌለውም ጭምር እንደ ነበረ የታወቀ ነው። «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» የሚለውም ተረት ከዚያው ወገን የወረስነው ነው። እኔ የምለው፣ መለየትና ማዋረድ ሁለት ነገር ናቸው ነው። ወዳጄ ማድ ቤቱን ለሁለት በመክፈሉ አልነቅፈውም። አንዱን በልቡ ሠርቶ ሌላውን በተረፈ ቆርቆሮ መሥራቱ ነው ያሳሰበኝ።

አሪስቶትል ስለ እንስሳት አካል በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ፈላስፋው ስለ ሄራክሊጦስ አንድ ታሪክ ያነሣል። እንግዶች ሊጠይቁት መጥተው በማድ ቤት ከምድጃ አጠገብ ሆኖ እሳት ሲሞቅ ቢያገኙት፣ ለእንዲህ ያለ ሰው የማይገባ ስፍራ ነው ብለው ከደጃፉ ላይ ቆሙ። እርሱ ግን አማልክት በዚያም ስላሉ ሳይፈሩ እንዲገቡ ነገራቸው ይባላል። አሪስቶትል ታሪኩን የጠቀሰው ተማሪዎቹ የትናንሽ እንስሳትን ነገር ለመመርመር እንዳይጠየፉ ነው፤ ለእኔ ግን ታሪኩ ቃል በቃል ይበቃኛል። እንግዶቹ ያፈሩት በምን ነው? ፈላስፋው እሳት መሞቁ ነውር ሆኖ አይደለም፤ የሞቀበት ስፍራ ነው ያሳፈራቸው። ሠራተኛዋም ይቅርታ የጠየቀችኝ ባደረገችው ነገር ሳይሆን በቆመችበት ስፍራ ነው። ስፍራ ሰውን ያሳፍራል። እንግዲህ ስፍራውን የሚሠራ ሰው ሐፍረትንም አብሮ ሊገነባ ይችላል ማለት ነው።

በአውሮፓ ስለ ማድ ቤት አሠራር በጥብቅ ካሰቡት ሰዎች አንዷ ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል የኦስትሪያ አርክቴክት ናት። በ1926 እ.ኤ.አ. ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኞች ቤቶች የነደፈችው ማድ ቤት ስፋቱ 1 ሜትር ከ90፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ40 ያህል ብቻ ነበር፤ ዐሥር ሺህ ያህል ተሠርቷል። ሥራውን ስትጀምር ሰዓት ይዛ የምታበስል ሴት ስንት እርምጃ እንደምትራመድ፣ ስንት ጊዜ እንደምታጎነብስ ቈጠረች። የሚገርመው፣ በኋላ ዘመን እንደ ተናገረችው፣ እርሷ ራሷ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ወጥ ሠርታ አታውቅም ነበር! ስለዚህ ለሌላው ድካም ለማሰብ ያን ድካም መቅመስ ግዴታ አይደለም፤ ቆሞ ማየትና መቍጠር ይበቃል። ኋላ የመጡ ተቺዎች ያ ጠባብ ክፍል ሴቲቱን ብቻዋን ዘጋባት ብለው ነቅፈዋታል፣ ነቀፋውም መሠረት አለው። ሆኖም እርምጃዋ ተቈጥሮላት ነበር። በፉሪው ቤት ውስጥ የተቈጠረው የእንግዳው እርምጃ ነው፤ ከሶፋው እስከ ቡና መጠጫው ድረስ።

ስለ እንጨቱም አንድ ነገር አለ። በከተማችን ብዙው ሰው ለማድ ቤቱ የሚያስገጥመው የእንጨት ሥዕል የተለጠፈበትን ኤምዲኤፍ ነው፤ ወዳጄ ግን እውነተኛውን እንጨት መረጠ፤ በዚህ አመሰግነዋለሁ። ዋንዛ ግን እንደ ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት የሚተካ ዛፍ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ በስማቸው እየጠራ የከለከለው እያለቁ በመሄዳቸው ነው። አንድ ሰው ከጓሮው የተከለውን ዋንዛ ቈርጦ ቢሸጥ መብቱ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ ዛፍ ሲወድቅ ቢያንስ ለአንድ ጕዳይ ይዋል። ለዐሥርት ዓመታት ያደገ እንጨትና ሥራን የሚችል ድንጋይ ተገናኝተው ማንም የማይሠራበት ክፍል ሲያስጌጡ፣ ጠንካራ የእርሻ በሬ ለመታየት ብቻ ደጅ እንደ ማሰር ይቈጠራል። ዕቃም እንደ ሰው ክብሩን የሚያገኘው በሥራው ነው ብል የሚስቅብኝ ይኖር ይሆናል። ይሣቅ።

በሌላ ቀን ወደዚያ ቤት ሄጄ ባለቤቶቹ እስኪመጡ ስጠብቅ፣ ሠራተኛዋን «ያ የውስጡ ማድ ቤት እንዴት ነው? ያምርሻል?» ብዬ ጠየቅኋት። ወደ ድንጋዩ መለስ ብላ አየችና «ማማሩስ ያምራል ጋሼ፤ እኔ ግን የማውቀው በጨርቅ ነው» አለችኝ።

ይህን ቃል ከብዙ መጻሕፍት ያላገኘሁት ትምህርት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። እኛ ውበቱን በዓይን እናውቀዋለን፤ እርሷ በጨርቅ ታውቀዋለች። ጠዋት ጠዋት አቧራውን ትወለውላለች፤ በየሳምንቱ ድንጋዩን በዘይት ታሻለች፤ የእንጨቱን በሮች በደረቅ ጨርቅ ትጠርጋለች፤ ብርጭቆ ወድቆ እንዳይጭረው ልቧ ተሰቅሎ ይውላል። ንጹሑ ማድ ቤት ሥራዋን አላቀለለላትም፤ በቆሻሻው ላይ ሌላ ሥራ ጨመረላት እንጂ። ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ ማታው 2 ሰዓት ያለውን ጊዜ ብንከፋፍለው፣ እንግዳ በወር ለግማሽ ሰዓት የሚደሰትበት ውበት በየቀኑ የእርሷን ሰዓት ይበላል። ውበት ድርሻ እንዳለው ነገር ሆኖ ቢከፈል፣ ረዥሙን ሰዓት ለሚቆም ሰው ቢበዛለት ፍትሕ ይመስለኛል። እንዲህ ሲሆን ግን አላየሁም፤ በራሴም ቤት ጭምር።

«ሠራተኛ የምትፈልገው ደመወዝ ነው እንጂ ድንጋይ አይደለም» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ደመወዟ ይቅደም። ነገር ግን ይህን የሚሉት ሰዎች ደመወዙን ጨምረው አላየኋቸውም፤ አንዱን ላለመስጠት ሌላውን ይጠሩታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፣ ከአሠሪው ጋር አብሮ የሚኖር ሠራተኛ ማደሪያውና ምግቡ ጤናውንና ግብረ ገቡን የሚጠብቅ እንዲሆን አሠሪውን ያስገድዳል። መልካም ሕግ ነው። ስለ መከተፊያው ከፍታና ስለ ጢሱ መውጫ ግን ሕግ ቢጽፍስ ማን ገብቶ ይለካል? ይህ ለሕሊና የተተወ ስፍራ ነው። የጢሱም ነገር ቀላል አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከቤት ውስጥ ጢስና ጥላሸት በመጣ በሽታ ሞተዋል። መድኃኒቱም ከባሕር ማዶ የሚጠበቅ አይደለም፤ «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ በአገራችን ተሠርቶ እሳቱን ይሸፍናል፣ ማገዶውንም ከሦስት ጕልቻ ምድጃ ጋር ሲመዛዘን በግማሽ ያህል ይቈጥባል። ዋጋው ከዚያ ድንጋይ የአንድ ክንድ ቍራጭ አይደርስም።

ደራሲው ማን እንደ ሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ፣ ባለ ታሪኩ በእንፍራዝ የሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ተቀምጦ ሳለ ኂሩት የምትባለውን የቤቱን ሠራተኛ ሊያገባ እንደ ጠየቀ ይተርካል። ጌታዋ ከእንግዲህ ወዲህ ለአንተ አገልጋይ ትሁን ሲለው፣ እርሱ ግን አገልጋዬ ሳይሆን ሚስቴ እንድትሆን ነው የምፈልገው፣ ባልና ሚስት በጋብቻ ትክክል ናቸውና ብሎ መለሰ። ይህን ታሪክ ተማሪዎቻችን በፍልስፍና ክፍል ያነቡታል፤ እኔም ለወጣቶች አንብቤላቸዋለሁ። ሆኖም ኂሩት በሚስትነት ከገባች በኋላ ምድጃው ከፍ አለላት ወይ ብሎ የጠየቀ ተማሪ አልገጠመኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስለ እኩልነት የምንናገረው ሁሉ ከአንገት በላይ ሲሆን፣ ከወገብ በታች ያለው ነገር፣ በርጩማው፣ ጕልበቱ፣ ጣውላው፣ ሳይነሣ ይቀራል።

እኔም ቤት ከሠራሁ 22 ዓመት ሆኖኛል። የሳሎኔን ጣራ ከፍታ በሴንቲ ሜትር እነግራችኋለሁ፤ ራሴ ቆሜ አስለክቻለሁና። በጓሮ ያለውን ማድ ቤት ግን ከወዳጄ ምረቃ እስክመለስ ድረስ ገብቼ አይቼው አላውቅም ነበር። በዚያ ምሽት ገባሁ። ግድግዳው ከጥቀርሻው የተነሣ እንደ ሬንጅ ያበራል፤ አምፖሉ ተቃጥሎ ማን ያውቃል ከመቼ ጀምሮ በሞባይል ብርሃን ይሠራበት ኖሯል። እናቴ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሆና አሳድጋኛለች፤ ዓይኗ ቀልቶ ስትወጣ «ሽንኩርት ነው» ትለን ነበር፤ እኛም እናምናት ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወዳጄ ስልክ ደወለልኝ። የተቀየመኝ መስሎኝ ነበር። ስለ ልጆቹና ስለ ዝናቡ ብዙ ካወራ በኋላ፣ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ እንዲገባ ድንጋዩ ሲቀደድ የወጣ ቍራጭ በመጋዘን ተቀምጦ እንደ ነበር፣ ግንበኛ ጠርቶ በውጭው ማድ ቤት ሊያስተክለው እንዳሰበ ነገረኝ። መስኮትም ሊያስከፍትበት ነው። «ግን» አለኝ፣ «ግንበኛው ከመሬት ስንት ከፍ ላድርገው ቢለኝ የምመልሰው አጣሁ። የውስጡ 90 ነው፤ የውስጡን የለኩት በባለቤቴ ቁመት ነው።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?» አልሁት።

«ጠራኋት። ግንበኛው ክንድሽን አጥፊና ቁሚ አላት። አፍራ አልቆምም ብላ ነበር፤ ኋላ ቆመች። ከክርኗ ዝቅ አድርጎ ለካና በግድግዳው ላይ በከሰል 84 ብሎ ጻፈ።»